ዳኛ የሚፈልጉ የሕግ ተማሪዎችና የእኛ ቅዳሜ

በአሜሪካ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሰው ሲለምኑ ይከርማሉ። የሚለምኑት ገንዘብ አይደለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ወይም የሥራ ቀን ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ተማሪዎቻቸውን የሚሰማና ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ነው። ውድድሩ ሃያ ዙር ቢኖረው ለእያንዳንዱ ዙር ሁለት ወይ ሦስት ዳኛ ያስፈልጋል። ጠበቃው ደግሞ ሥራ ይበዛበትና በመጨረሻው ሰዓት "ይቅርታ፣ አልመጣም" ይላል። አዘጋጆቹ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ሲሯሯጡ ማየት ያሳዝናል።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ሕግ አልተማርኩም። ሆኖም በእንዲህ ዓይነት ውድድር ላይ በፈቃደኝነት መዳኘት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ዳኞች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ አላየሁም። በምኖርበት ከተማ ሐበሻ ጠፍቶ አይደለም፤ ነርሱ፣ አካውንታንቱ፣ የዶክትሬት ተማሪው ሞልቷል። ማንም አልጠራንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ይህ ክፍተት ያስከፍለናል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምስለ ችሎት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ጥቁር ካባ የለበሱ ዳኞች ፊት ቆሞ በዓለም አቀፍ ሕግ መከራከር ነው። እንዲያ ያለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረው ጄሰፕ ላይ ተማሪዎች በዓለም ካርታ ላይ በሌሉ ሁለት አገሮች ስም፣ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፊት እንደቆሙ ሆነው ይሟገታሉ። ቪየና ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው የቪስ ውድድር ስለ ንግድ ግልግል ነው። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ከ1992 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ደግሞ የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ውድድር ነው። እነዚህ ላይ ለመዳኘት ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። እኔ አልሞክረውም፤ እናንተም ጠበቃ ካልሆናችሁ አትሞክሩት።

ሌሎች ግን አሉ፦ የድርድር ውድድር፣ የሽምግልና ውድድር፣ ዳኝነቱን ሰሚ ሕዝብ የሚሰጥበት የሙከራ ችሎት፣ እኔ የምወደውም ደንበኛን የማማከር ውድድር። ይህን የመጨረሻውን የጀመሩት በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የነበሩት ሉዊስ ብራውን ናቸው። ሰውየው የሚታወቁት ነገር ተበላሽቶ ችሎት ከመድረሱ በፊት መከላከል ይሻላል በሚለው ትምህርታቸው ነው። ለዚያ ደግሞ ጠበቃው ቢሮው ውስጥ ሰው ማነጋገር መቻል አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ። ስለ ደንበኛው አስቀድመው የሚያውቁት ለጸሐፊዋ በስልክ የተናገረውን ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ከዚያ ደንበኛ ሆኖ የሚጫወት ሰው ይገባል። ይህ ሰው በደንብ ካልተጠየቀ የማያወጣው ነገር በሆዱ ይዟል። ተማሪዎቹ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያነጋግሩታል፤ ምስጢሩ እንደሚጠበቅ ይነግሩታል፣ ስለ ክፍያ ያወራሉ፣ ችግሩን ያወጣጣሉ፣ ምርጫዎቹን ያስረዱታል። እሱ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ዳኞቹ እየሰሙ ያደረጉትን ይገመግማሉ። ከዳኞቹ መካከል አንዱ ጠበቃ ያልሆነ፣ ሰው ማነጋገር ሙያው የሆነ እንዲሆን የሚፈልጉ አዘጋጆች አሉ። እኔም የገባሁት በዚያች በር ነው።

"አንተ ምን ታውቃለህና ትዳኛለህ?" ያለኝ ሰው አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚሰጠን የነጥብ ቅጽ ላይ ግን "አንቀጹን በትክክል ጠቀሰ ወይ" የሚል ረድፍ ከሌሎቹ መካከል አንዱ ብቻ ነው፣ እሱን ጠበቆቹ ዳኞች ያውቁታል። የቀሩት ረድፎች አዳመጠ ወይ፣ ደንበኛው የፈለገውን ለየ ወይ፣ በሰው ቋንቋ አስረዳ ወይ፣ ከጓደኛው ጋር ተናብቦ ሠራ ወይ የሚሉ ናቸው። ሶፍትዌር የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተጠቃሚው መጥቶ "እዚህ ጋ አንድ ቁልፍ ጨምርልኝ" ይልሃል፤ ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሳትጠይቅ ቁልፉን ከጨመርክ ሁለታችሁም ትከስራላችሁ። ነርስም በሽተኛ ስትቀበል ከዚህ የባሰውን ታያለች።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ።

አሜሪካ ውስጥ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ጠበቃ የማቆም መብት አለው፤ መንግሥት ግን አይከፍልለትም። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው የሚሄደው ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም በሕግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ወዳሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ክሊኒኮች ነው። እዚያ ማመልከቻውን የሚያዘጋጀው በመምህሩ ቁጥጥር ሥር ያለ ተማሪ ነው። ማለትም ቅዳሜ ዕለት ፊቴ የተወዳደረችው ልጅ ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ ወንድማችን ጋር ተቀምጣ ታሪኩን ልትጽፍ ትችላለች።

ያ ጽሑፍ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የሚባለው ሕግ የጥገኝነት ጉዳይ የሚያየው ባለሥልጣን በአመልካቹ ቃል ውስጥ ያገኘውን ማንኛውንም አለመጣጣም ተመርኩዞ "ይህ ሰው አይታመንም" እንዲል ይፈቅድለታል። አለመጣጣሙ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ላይ ባይሆንም እንኳ። ቅጹ ላይ አንድ ቀን፣ ቃለ መሐላው ላይ ሌላ ቀን፣ በቃለ መጠይቁ ላይ ሦስተኛ ቀን ከተባለ ሰውየው የእውነት ታስሮ ቢገረፍም ችግር ላይ ነው። በዚህ ላይ ወደ አገሩ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ የመግቢያና የክስተት ቀናት ሁሉ ይቆጠራሉ።

እንግዲህ የእኛን ቀን አስቡት።

ባለፈው ክረምት አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ለውስጥ ማጣሪያው ደንበኛ ሆኜ እንድጫወት ጠየቀኝ። አዘጋጇን "ታሪኩን የሐበሻ እናድርገው" አልኳት፤ ተስማማችና አብረን ጻፍነው። ደንበኛው ከኢትዮጵያ የመጣ ወጣት ነጋዴ ነው። ቤቱ ተከቦ የተያዘው ጥር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንደሚፈለግ አስቀድሞ የነገረው "ወንድሜ" የሚለው ሰው ነው። ይኼው ነው፤ እኛ መካከል ማንም ሰምቶት የሚያልፈው ተራ ታሪክ።

ስምንት ቡድን ገባ። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ጥርን" ጃንዋሪ ብዬ፣ ቀኑን አምስት፣ ዓመቱን 2013 አልኳቸው፤ አብዛኛው ሰውም የሚለው እንደዚያ ነው። አምስት ቡድኖች እንዳለ ጻፉት። አንዱ ቡድን የቀን አቆጣጠራችን እንደሚለይ ሰምቶ ኖሮ ሰባት ዓመት ደምሮ ጃንዋሪ 5 ቀን 2020 አደረገው። ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 2021 ነው፤ ምክንያቱም ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው፣ ቀኑም አይገጥምም። ግማሽ እውቀት ይዞ የተነሣው ቡድን በአንድ ዓመት ከስምንት ቀን ተሳስቷል፤ ስህተቱ ደግሞ እውነት ስለሚመስል ከሌሎቹ ይከፋል። 2013 ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው "ቆይ፣ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር" ብሎ ይነቃበት ነበር።

ሰዓቱም እንደዚያው። "ናይን አት ናይት" አልኳቸው። ስድስቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አድርገው ያዙት፤ በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ማታ ማለት እሱ ነዋ። ሰውየው የተያዘው ግን ጎረቤት ሁሉ በተኛበት፣ በእነሱ ሦስት ሰዓት ሌሊት ነው። በኋላ ምስክር ሆና የምትጽፈው እናቱ "ሊነጋ ሲል" ብትል ሁለቱ ቃሎች ተጣሉ ማለት ነው።

"ወንድሜ" ያልኩት ሰው የአክስቴ ልጅ ነው። አይ-589 የሚባለው የጥገኝነት ማመልከቻ ቅጽ ወንድምና እህት ይዘርዝሩ ይላል፤ ደንበኛው ሁለት እህቶች ብቻ አስመዝግቧል። ታዲያ ይህ ወንድም ከየት መጣ? ከስምንቱ ቡድን አንዱም አልጠየቀም። እኛ የአጎት ልጅን፣ የሰፈር ልጅን፣ አብሮ አደግን ወንድሜ እንደምንል በየትኛው መጽሐፍ ያገኙታል?

የቀን አቆጣጠሩን በቀጥታ የጠየቁት ሁለት ቡድኖች ነበሩ። ከእነሱ አንዷን ተማሪ እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት አያቷ ኢራናዊት እንደሆኑና እዚያም ቤት ሁለት ካላንደር እንደሚሰቀል ነገረችኝ። የእኛ ካላንደር መኖሩን አታውቅም ነበር። ብቻ "ይህ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው?" አለች። ከዚያ በላይ ምንም አላደረገችም፤ ምንም ሌላ ማድረግም አያስፈልጋትም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ምናልባት ከቀኑም ይበልጣል። ተማሪዎቹ የምስጢር ጥበቃን አስረድተው "ገባህ?" ሲሉኝ ሁሉንም "እሺ" አልኳቸው፣ ዓይኔን ዝቅ አድርጌ። አንድም ነገር እንዳልገባኝ ሆኜ ነው የተጫወትኩት። ትልቅ ሰው ወይም ባለሥልጣን ፊት "አልገባኝም" ማለት ለእኛ ሰው ድፍረት ነው፤ ዓይን ዓይኑን ማየትም እንደዚያው። አንዱ ተማሪ በግምገማው ላይ "ደንበኛው ዓይኔን አያየኝም፣ የሚደብቀው ነገር ያለ መሰለኝ" አለ። ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። ግን ይህንኑ ሐሳቡን ይዞ ሄዶ ነገ የኢሚግሬሽን ዳኛ ቢሆንስ?

ከዙሩ በኋላ ለአስተያየት በተሰጠኝ ጊዜ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ለማዋረድ አይደለም፤ እኛ አስተማሪ ሲቆጣ ያደግን ሰዎች አስተያየት መስጠት መቆጣት ይመስለናልና እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዘጋጇ የክሊኒኩም መምህርት ስለሆነች ወዲያው ሦስት ጥያቄዎች በደንበኛ መቀበያ ቅጻቸው ላይ አስገባች፦ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ወንድም ወይም እህት ያልከው ሰው በእናት ነው፣ በአባት ነው ወይስ ዘመድ? ሦስት መስመር ናት። ከዚህ በኋላ በዚያ በር የሚገባ ሐበሻ ሁሉ ይጠየቃታል። እኔን የወሰደብኝ አንድ ቅዳሜ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "ከዚያ ሁሉ ለምን አስተርጓሚ ሆነህ አትረዳም?" አለኝ። አስተርጓሚነትን ማንኳሰስ አልፈልግም። በጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ላይ እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። በወረርሽኙ ጊዜ ላላ ያለው ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ተመልሷል። ሰው በጣም ያስፈልጋል፤ የምትችሉ ሂዱ። ልዩነቱ ግን አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። "ጌታዬ፣ በእኛ አገር ዘጠኝ ሰዓት ማለት ሦስት ነው" ብሎ በመሃል መግባት ሥራው አይደለም፤ ቢገባም ሊቆጡት ይችላሉ። የዳኛው ወንበር ግን እንድትናገር ተብሎ የተዘጋጀ ወንበር ነው፤ ያውም ተማሪው ገና ምንም ሳያጠፋ፣ ማንም ሳይጎዳ።

ስለ ዳኝነቱ ራሱ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። ቅጹ ላይ ስለ አነጋገርና ስለ ሁኔታ የሚጠይቅ ረድፍ አለ። እዚያች ረድፍ ላይ የውጭ አገር ዘዬ ያላቸው ተማሪዎች ነጥብ ሲያጡ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አብሮኝ የዳኘ ጠበቃ ስለ አንዲት ተማሪ "ለመስማት አስቸገረችኝ" አለ። ረድፉ የሚጠይቀው ደንበኛው ገባው ወይ ነው፤ ደንበኛውን የተጫወተው ሰው ደግሞ ሁሉም እንደገባው ተናግሯል። ይህን አልኩት። ነጥባችንን የምንሰጠው ለየብቻ ስለሆነ የእሱን መለወጥ አልቻልኩም፣ የእኔን ግን እንደሚገባት ሰጠኋት። ዘዬ ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ይህን የሚል አይኖርም።

እኛም ብንሆን ከአድልዎ ነፃ አይደለንም። ስሟ የሐበሻ የሆነች ልጅ ስትገባ ልባችን ወደ እሷ ያዘነብላል፤ ወይም "የራሱን ሰው አደላ እንዳይሉኝ" ብለን ከሚገባት በታች እንሰጣታለን። ሁለቱም ግፍ ነው። ተማሪውን ወይም ቤተሰቡን የምታውቁ ከሆነ ለአዘጋጁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ወደ ሌላ ክፍል ይቀይሯችኋል። ፖለቲካችንንም ውጭ ትተን እንግባ። ደንበኛ ሆነን ስንጫወት የየትኛው ብሔር ሰው በማን እንደታሰረ መተረክ ከጀመርን ተማሪዎቹ የሚማሩት ነገር ይጠፋል፤ እኛም እርስ በርሳችን እንጣላለን። እኔ ለደንበኛዬ ሃይማኖትም ብሔርም አልሰጠሁትም፤ ሱቅ ብቻ ነው የሰጠሁት።

ወደ አገር ቤት ስናይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአዲስ አበባ የሕግ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲከፈት ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የምስለ ችሎት ውድድሮችም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ናቸው። ተመራቂው ግን የሚሠራው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የክልል ቋንቋ በሚያስችል ችሎት ነው። በየዩኒቨርሲቲው ባሉት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት የሚመጡት እናት የውርስ ክርክራቸውን በእንግሊዝኛ አያወሩም። አምስት ዓመት "ማይ ሎርድ" እያለ የተለማመደ ልጅ "እማማ፣ ባልዎ ሲሞቱ ኑዛዜ ትተው ነበር?" ብሎ ለመጠየቅ ሲንተባተብ አስቡት። በራሱ ቋንቋ ደንበኛን የማማከር ውድድር ቢኖር በአንድ ክፍልና በጥቂት ወንበር የሚሠራ ነገር ነው፤ የአውሮፕላን ትኬትም ቪዛም አይጠይቅም።

ዳኛውስ? እኛ አለን። እ.ኤ.አ. በ2021 ጄሰፕን የመሰለ ትልቅ ውድድር እንኳ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ተካሂዷል። አዲስ አበባ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሪያድም ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ዱባይ አሥር ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተን በበጋ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ቡና እየጠጡ የሚሠራ ነገር ነው። መስመር ይቆራረጣል፤ እሱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው በስልክ ቀርጾ ቢልከው ግን ነጥቡን በማግስቱ መስጠት ይቻላል።

ጠበቃ ያልሆነ ሰው ተቀምጦ መዳኘቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ድሮ የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው "ዳኘን" ይሉት ነበር፤ የመንገድ ዳኛ ይባላል። ባላጋራዎቹ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ ሰዉ ከብቦ ይሰማል፤ አንደበት የሰላው ይደነቃል። ይህን የማነሣው ለማሞገስ ብቻ አይደለም። አንደበተ ርቱዕን የማድነቅ ልማዳችን አብሮን መጥቷል። ደንበኛን በማማከር ውድድር ላይ ግን ብዙ ያወራ ተማሪ ይሸነፋል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከሰጠኋቸው ነጥቦች ሁሉ ከፍተኛውን ያገኘችው ተማሪ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደንበኛዋ ያነሰ ነው የተናገረችው።

መሄድ ለምትፈልጉ አካሄዱ ይህ ነው። በአቅራቢያችሁ ባለ የሕግ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ የምስለ ችሎት ቦርድ ወይም የውድድሮች ክፍል የሚል ፈልጉና አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ሙያችሁን፣ የምትችሉትን ቋንቋ፣ ባዶ ቅዳሜያችሁን ጻፉ። ጠበቃ እንዳልሆናችሁ አትደብቁ። ከውድድሩ ጥቂት ቀን በፊት ስለ ጉዳዩ የሚያብራራ ለዳኞች ብቻ የሚሰጥ ጽሑፍና የነጥብ ቅጹ ይላክላችኋል፤ ሁለቱንም አንብባችሁ ሂዱ፣ ለማንም አታሳዩ። ተማሪዎቹ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጡ አትጠይቁ፤ ክልክል ነው። እንደ ደንበኛ ለመጫወት የምትፈልጉም ያንኑ ጻፉ፤ እንዲያውም ከዳኛ ይልቅ ደንበኛ ይቸግራቸዋል። ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም ወይም ለንደን ላላችሁም አካሄዱ ብዙ አይለይም፤ የእናንተም አገር የጥገኝነት መርማሪዎች ያው ቀን ነው የሚጠይቁት። ለሚቀጥለው ወቅት ከመስከረም ጀምሮ ብትጽፉ ጥሩ ነው። ለእኔ ኢሜይል መልሱ የመጣው በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነበር።